የአጎቴን ቅርፊት አሲድ ውስጥ የነከርኩ ዕለት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ባሕር አይተው አያውቁም። በወጣትነቱ ምጽዋ በባሕር ኃይል ያገለገለው አጎቴ ከቀይ ባሕር ያመጣውን አንድ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሣጥን ውስጥ አኑሮት ቆይቶ፣ «ለልጆቹ አሳያቸው» ብሎ ሰጠኝ። የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊንየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ኮነስ ቴክስታይል ያለው ዝርያ ነው፤ ስሙ ከሽመና የመጣ ነው። ከላይ እስከ ታች የተደራረቡት ቡናማና ነጭ ሦስት ማዕዘኖች ከሩቅ የታየ የጎጆ መንደር ይመስላሉ።

ማጽዳቱ ቀላል ነበር፤ ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ቅርፊቱን ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ላስመዘግብ ስወስደው መዝጋቢው በጣቱ ገፋ አድርጎ «ቆሽሿል፣ አብረቅርቀው አምጣው» አለኝ። «ቆሻሻ» ያለው ቀንድ አውጣው ራሱ የሠራውን ስስ ቢጫ ሽፋን ነው። ይህን ነግሬው መከራከር ሲገባኝ፣ ቀኑ ደረሰ ብዬ ዝም አልኩ። ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መመሪያ የኖራ እድፍ በቀጠነ አሲድ ይለቃል ይላል። ቅርፊቱ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት፣ የኖራ ድንጋይ ዘመድ መሆኑን በየዓመቱ በፈተና እጠይቃለሁ! እያወቅሁ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነከርኩት።

ወዲያው እንደ ጠላ ድፍድፍ ተንተከተከ። ደቃቅ አረፋ ከትከሻው ተነሥቶ በጥለቱ ላይ ወረደ። ሳወጣው ቢጫው ሽፋን ለቋል፤ ከእሱ ጋር ግን በአንድ ጎን ሦስት ማዕዘኖቹም ደብዝዘዋል። ጣቴን ሳሳርፍበት ነጭ ዱቄት ይዞ ተነሣ። ቀለሙ ያለው በላይኛው የቅርፊት ንብርብር ውስጥ ስለሆነ አንዴ ከሟሟ አይመለስም። በመዝጋቢው ዛሬም እናደዳለሁ፤ በራሴ ግን ይብሳል።

ስለዚህ አሲድም፣ አቼቶም፣ ሎሚም አታስነኩት። በረኪናም ቢሆን እኔ አልመክርም። አንድ ጠብታ የሕፃናት ቅባት በጨርቅ ማሸት ይበቃል። የቤተ ሙከራው መመሪያ የተጻፈው ለብርጭቆ ዕቃ ነው።

ወደ ባሕር የምትሄዱ ደግሞ እንስሳው በሕይወት ካለ ፈጽሞ አታንሡት። ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን የሚያድነው እንደ ጦር በሚወረወር መርዛማ ጥርስ ነው፤ የዚህ ወገን መርዝ ማርከሻ የለውም። በሌላ በኩል፣ የዘመዱ የኮነስ ማገስ መርዝ የጽኑ ሕመም ማስታገሻ መድኃኒት አስገኝቷል፤ መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ እስክሪብቶ አስቀምጠው ያዳምጣሉ።

ለፋሲካ አጎቴ መጥቶ ቅርፊቱን አሳየኝ አለ። ደህናውን ጎን ወደ ላይ አድርጌ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው፤ ነጩን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ምንም ሳይናገር መለሰልኝ።