በሐምሌ ዝናብ የፍየል ቤት ስቀጥል

የፍየል እርግዝና አምስት ወር፣ 150 ቀን ገደማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ማስላቱ አይከብድም። የካቲት 20 በወጠጤ የተጠቃች ፍየል ሐምሌ 20 አካባቢ ትወልዳለች። እኔ ግን ይህን የቆጠርኩት ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው። ሁለቱ እናቶች ሆዳቸው ወርዷል። አምስት ፍየሎች የሚያድሩበት ቤት ሁለት ሜትር በሦስት ብቻ ነው። አንድ ትልቅ ፍየል ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ትፈልጋለች፤ ግልገል ይዛ ስትተኛ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ጎረቤቶቼ «እስከ ቡሄ ብትታገስስ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሐምሌን ለግንባታ የሚመርጥ ሰው የለም። ግን ግልገሎቹ ቡሄን አይጠብቁም። ከድሮው ቤት ጎን ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ቅጥያ ልሠራ ተነሳሁ።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቀበና፣ ከወንዙ ብዙም ሳልርቅ ነው። ግቢያችን ወደ ወንዙ ያዘቀዝቃል፤ ከላይ ያሉት ግቢዎች ውሃ በእኛ በኩል ያልፋል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሥራውን ስጀምር ግን አላሰብኩበትም። ለቋሚዎቹ ስድስት ጉድጓድ ቆፈርን፣ መሸብን፣ ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ስድስቱም እስከ አፋቸው ሞልተዋል። በጣሳ ቀዳን፣ ከሰዓት ደግሞ ሞሉ። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ።

መፍትሔውን የሰጡኝ ከአጥር ማዶ ያሉት እማማ ናቸው። «ልጄ፣ ውሃውን ከጉድጓዱ ከምትቀዳው መምጫውን ብትዘጋበት አይሻልም?» አሉኝ። ከቤቱ በላይ በኩል አንድ ክንድ የሚጠልቅ ቦይ ቆፍሬ ውሃውን በጎን አዞርኩት። በማግስቱ ጉድጓዶቹ ውስጥ ከእርጥብ አፈር በስተቀር ምንም አልነበረም። አሁን ማንም በክረምት ልሠራ ብሎ ቢያማክረኝ መጀመሪያ የምነግረው ቦዩን ነው። ከቦዩ በፊት አንዲት አጠና እንኳ አትትከሉ።

ቋሚዎቹ ባሕር ዛፍ ናቸው። መሬት የሚገባውን ጫፋቸውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባን። ጉድጓዱን በአፈር ብቻ አልሞላነውም፤ ዙሪያውን ድንጋይ ጠቀጠቅንበት። እርጥብ አፈር ብቻውን ቋሚ አይዝም።

ግድግዳው ላይ ከአናጺው ጋር ትንሽ ተከራከርን። እሱ ጭቃ ይሁን አለ፤ ርካሽ ነው፣ ይሞቃልም። እውነቱን ነው። ግን ጭቃ ፀሐይ ይፈልጋል። በሐምሌ የተመረገ ጭቃ ሳይደርቅ ይንሸራተታል፣ ማገሩም ይበሰብሳል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄጄ ያገለገለ ቆርቆሮና ጣውላ ገዛሁ። ቆርቆሮውን ስትመርጡ ወደ ሰማይ አንሱና እዩት፤ ቀዳዳ ካለ ብርሃን ያሳብቃል። ቀዳዳ ያለውን ለግድግዳ፣ ደህናውን ለጣሪያ አደረግኩት።

ጣሪያውን ከግድግዳው በፊት መሥራታችን ጠቀመን። ከዚያ በኋላ ቢዘንብም ከሥሩ ሆነን እንሠራ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን አበላሸን። አዲሱ ጣሪያ ከድሮው ጋር በሚገናኝበት የአዲሱን ቆርቆሮ ጫፍ ከላይ ደረብነው። ከድሮው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ በመጋጠሚያው ገብቶ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ነቅለን አዲሱን ከድሮው ሥር አስገባነው፤ ውሃው በላዩ እንዲያልፍ። ሚስማርም የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ አይደለም።

ወለሉን ከፍ አድርገን ሠራነው፤ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል። ፍየል ብርድ ትችላለች፤ ከሥር የሚመጣ እርጥበት ግን ኮቴዋን ያበሰብሳል። ሞራሌዎቹን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እያራራቅን መታናቸው። ሽንቱም በጠጡም በክፍተቱ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ቢሰፋ የግልገል እግር ይገባበታል። ከወለሉ ሥር ድንጋይ አንጥፌ በላዩ ስስ ሲሚንቶ አፈሰስኩ፣ በአንድ በኩል ዘቅዘቅ አድርጌ። በየሁለት ቀኑ በአካፋ መጥረግ በቂ ነው።

አሁንም የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። በእኛ ሰፈር ጅብ ሌሊት የወንዙን ዳር ይዞ ይመጣል፤ ጩኸቱን ከአልጋችን ሆነን እንሰማለን። እሱን ፈርቼ፣ ብርዱንም ፈርቼ፣ ግድግዳውን እስከ ጣሪያው ድረስ ደፈንኩት። በሩ ላይ ያለችውን ስንጥቅ ሳይቀር በጆንያ ወተፍኩ። ውስጡ ሲሞቅ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት የሽንቱ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ፣ ዓይኔም አለቀሰ። ጣሪያው ከውስጥ አልቦት ይንጠባጠባል። ውሃ ያስገባ መስሎኝ ላዩን መረመርኩ፤ ደረቅ ነው። ለካ የፍየሎቹ የራሳቸው ትንፋሽ ነበር።

አንደኛዋ ሐምሌ 19 ሌሊት መንታ ወለደች። ሁለቱም ቆመው እንገር ጠቡ፣ እትብታቸውን አዮዲን ነከርኩላቸው። ታናሿ በሦስተኛው ቀን ማሳል ጀመረች። የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። ሐኪሙ ገና ከመግባቱ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። «ጋሼ፣ እነዚህ እንስሳት ምን እየተነፈሱ ነው?» አለኝ። የታፈነ ቤት ውስጥ ከሽንቱ የሚነሳው ሽታ ሳንባቸውን እንደሚጎዳ፣ ከዚያም ሳንባ ምች እንደሚከተል አስረዳኝ። መርፌ ወጋት። በማግስቱ ሞተች። እጄ ላይ ነው የሞተችው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ግድግዳውን ከጣሪያው ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ዙሪያውን ቆረጥነው። ጅቡን የሚያግደው የተደፈነ ግድግዳ ሳይሆን ጠንካራ ሽቦ ነው። ወፍራም ሽቦ ወጠርንበት፣ የጣሪያውንም ክንፍ አስረዘምነው። ክፍተቱ ከፍየሎቹ ጭንቅላት በላይ ስለሆነ ንፋሱ የሚተኙበት ቦታ አይደርስም። ሽታው በሁለት ቀን ጠፋ፣ ጣሪያውም ማላቡን ተወ። ሁለተኛዋ ሐምሌ 27 አንድ ወንድ ወለደች። እሱ አንድም ቀን አላሳለም።

ግልገሎቹ እንዳይበርዳቸው በአንዱ ጥግ ከጣውላ ትንሽ ሳጥን ሠርቼ ደረቅ ድርቆሽ አነጠፍኩላቸው። እናቶቹ የማይገቡባት፣ ግልገሎቹ ብቻ የሚሾልኩባት ናት። ድርቆሽ በክረምት ስትገዙ እጃችሁን ወደ መሐሉ ሰድዳችሁ ዳስሱት። ከላይ ደርቆ ከውስጥ የሻገተ ሞልቷል።

አሁን ነሐሴ ነው። ትናንት ሌሊት በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ነበር። በዘጠኝ ሰዓት ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ሁለቱም ግልገሎች ሳጥኗ ውስጥ ተጠጋግተው ተኝተዋል። ድርቆሹን ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ውጭ ግን ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ በበሩ በኩል መሬቱን እየቦረቦረው ነው። አሸንዳ ገና አልሰቀልኩም፤ ቅዳሜ እሰቅለዋለሁ።