በማን ሰዓት?

ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጀልባዎችን የሚያስይዝ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ከኮዱ ሁሉ በጣም የምፈራው ኢሜይል የሚልከውን ክፍል ነው። ሌላው ስሕተት ይታረማል፤ የወጣ ኢሜይል ግን አይመለስም።

ባለፈው ሳምንት ሁለት የውጭ አገር እንግዶች ጣና ዳር ሲደርሱ ጀልባቸው ከሄደ ስድስት ሰዓት አልፎት ነበር። መነሻው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ እኔ በላክሁት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ ደግሞ «2:00» ብቻ ተጽፏል። እነሱም በራሳቸው አቆጣጠር ከቀትር በኋላ መሰላቸው። ሽማግሌው ጀልባ ነጂ ስልኬን ተቀብለው አዩትና «ልጄ፣ በማን ሰዓት ነው የጻፍከው?» አሉኝ። «ይቅርታ አባባ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

የሚያንገበግበኝ ኮዱን የሚፈትሹት ሙከራዎቼ በሙሉ ያለፉ መሆናቸው ነው። ድረ ገጹን በምሠራበት ማዕቀፍ፣ በጃንጎ፣ ሙከራ ሲካሄድ ኢሜይል ወደ ውጭ አይወጣም፤ አውትቦክስ በሚባል ዝርዝር ውስጥ ይጠራቀማል። የእኔ ሙከራ እዚያ አንድ መልእክት መኖሩን ቆጥሮ ይመለስ ነበር። ፖስታውን ቆጠርኩ እንጂ አልከፈትኩትም።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ እንደ አዲስ ጻፍኩት። አሁን ሙከራው መልእክቱን አውጥቶ ተቀባዩን ያያል፣ ርዕሱን ያነባል፣ ከዚያም ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፉን ይፈልጋል፤ በእኛ ከጠዋቱ 2:00፣ በእነሱ ከጠዋቱ 8:00። ደብዳቤው ሁለት አካል አለው፤ ተራው ጽሑፍና እንደ ድረ ገጽ የተቀረጸው ኤችቲኤምኤል። ኤችቲኤምኤሉን አስተካክዬ ተራውን ረስቼው ኖሯል፤ ሙከራው ያዘው። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አንድ ነገር ግን ብዙ አደከመኝ። ኢሜይሉ የሚላከው ምዝገባው በመረጃ ቋቱ ከጸና በኋላ እንዲሆን አድርጌ ነበር። ሙከራዎቼ የተመሠረቱበት የጃንጎ ቴስትኬዝ ደግሞ እያንዳንዱ ሙከራ በመረጃ ቋቱ ላይ ያደረገውን በመጨረሻ ስለሚሽረው ምዝገባው አይጸናም፤ አውትቦክሱም ባዶ ይሆናል። መላኪያውን በሙከራው ውስጥ ሆን ብሎ ማስነሳት እንደሚያስፈልግ የገባኝ ከምሳ በኋላ ነው።

የሙከራ አድራሻዎቼንም ሁሉ ወደ ኤግዛምፕል ዶት ኮም ቀይሬአለሁ። ስሙ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለምሳሌነት የተከለለ ስለሆነ የማንንም ሰው የመልእክት ሣጥን አያንኳኳም።

አመሻሽ ላይ፣ ታንኳዎቹ ወደ ዳር ሲጠጉ፣ የቀድሞውን ደብዳቤ መልሼ ሙከራውን አስኬድኩት። ወደቀ። አዲሱን አስገባሁ፤ አለፈ። ነገ በማለዳ ወደ ጀልባዎቹ ወርጄ ለአባባ አነብላቸዋለሁ።