የወይኖው በሬ ነገር፦ የእንቁጣጣሽ መልእክት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2018 የጤና፣ የሰላምና የጥጋብ ዓመት ይሁንላችሁ። ሽንኩርት እያቁላላችሁ ያላችሁ፣ በርቱ። በግ የገዛችሁ፣ ዋጋውን አትንገሩን፤ በዓላችንን በደስታ እናክብርበት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን መርቄ ዞር እል ነበር። ዘንድሮ ግን ረዘም ያለ ወሬ አለኝ። ከ130 ዓመት በላይ ስለሆነው፣ አንድ ገበሬ ስለተገደለበት ነገር ነው። ለእንቁጣጣሽ የሚሆን ጨዋታ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። ቡናው እስኪፈላ አንብቡት።

የእናቴ ወገኖች ምንጃሬዎች ናቸው። የቤተሰቡ ታሪክ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ሬሳ ነው፤ ከምንጅላቴ፣ ከቅድመ አያቴ አባት። በየበዓሉ አጎቴ ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው ይነሳና ይፎክርበታል። ምንጅላታችን ጀግና ነበር። ድንበር ሊገፉ የመጡትን ብቻውን ገጠማቸው። ጦሩን እንደጨበጠ ወደቀ። ወንድሞቹም ደሙን መለሱ። እኛ ልጆች አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። ሴቶቹ ጓዳ ናቸው፤ ወጥ ያወጣሉ።

ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ማሳውን ማን እንዳረሰ፣ ልጆቹን ማን እንዳሳደገ፣ እኛስ ከምንጃር ተነስተን አራዳ እንዴት እንደደረስን ፉከራው ውስጥ የለም። ስለ ጎተራ የሚፎክር ሰው መቼም አይቼ አላውቅም።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የአክስቴም ቤት አብሮ ፈረሰ። ስለዚያ የምለው አለኝ፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ። ዕቃ ልናሸክፍ የሄድን ልጆች ከአልጋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ጎትተን አወጣን። የእድር ደብተር፣ የሙት ዓመት ፎቶ፣ የተበጠሰ መቁጠሪያ፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ በክር የታሰረ የክስ ወረቀት።

ወረቀቱ አራት ላይ ታጥፎ ስለኖረ እጥፋቱ ላይ ያለው ቀለም ለቋል። ቴምብሩ እንደተለጠፈ ነው። ጸሐፊው በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥቡን አንዱንም ሳይዘል አስቀምጧል፤ እጁ እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ከየገጹ ግርጌ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ። የቅድመ አያቴ ነው፤ የሟቹ ልጅ። በ1940ዎቹ፣ ካረጀ በኋላ፣ ርስት ከስሶ ሲሟገት የፈረመው።

ክሱ እንዲህ ነው። አባቱ በተገደለ ጊዜ የገዳዩ ወገኖች ለደም ካሳ አንድ ቁራጭ መሬት ሰጥተው ነበር። 60 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ የልጅ ልጆቻቸው መጥተው መሬቱ በውሰት እንጂ በካሳ አልተሰጠም አሉ። ዳኛው የግድ መሬቱ ለምን እንደተሰጠ መስማት ነበረበት። ስለዚህ ምስክር ተጠራ። ምስክሩ ሽማግሌ ነው፤ ነገሩ በሆነ ጊዜ ግን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነበር፤ በዓይኑ አይቷል። ርስት ባያጣላቸው ኖሮ ይህን የሚጽፍ አንድ ሰው አይገኝም ነበር።

ሽማግሌው ዓመተ ምሕረት አልጠራም። ያለው ይህን ነው፦ ክፉ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ከአድዋ ዘመቻ በፊት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በሰኔ። ለአገር ሰው ይህ በቂ ነው። ለእኔ ለከተሜው ግን ባሕረ ሐሳብ አስፈለገኝ። አንድ ዲያቆን የአጎቴ ልጅ አለ፤ በስልክ ሠራልኝ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምራለህ፣ ለአራት ታካፍላለህ፤ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። አድዋ በ1888 ነው፤ ዘመነ ዮሐንስ። ከዚያ በፊት ያሉት ማቴዎሶች 1885 እና 1881 ናቸው። 1881 የክፉ ቀን ማዕበል ነው፤ አላለፈም። ስለዚህ ምንጅላቴ የሞተው በሰኔ 1885 ነው። ፉከራው ውስጥ ቀን አልነበረም። አሁን አለው።

ዓመቱ ከታወቀ በኋላ ሌላው ሁሉ መልኩን ቀየረ። ክፉ ቀንን ሁላችንም በስም እናውቀዋለን፤ ከገበሬ በር ላይ ሆነን ግን ብዙ ጊዜ አናየውም። በ1880 ጣሊያን ለጦሩ ብሎ ከህንድ ምጽዋ ያራገፋቸው ከብቶች በሽታ ይዘው ገቡ። በሽታው እየተዛመተ አገሩን አዳረሰ። ከ10 ከብት 9ኙ አለቀ ይባላል። ድርቁ፣ አንበጣው፣ ተምቹ ተከታተለ። እህል በሰማይ ላይ ሆነ። ዝናብ ቢመጣ እንኳ የሚያርስ በሬ የለም። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው የቆፈሩት ያኔ ነው፤ መኳንንቱም ገበሬውም በእጁ እንዲቆፍር። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉም አሉ። ያ የከብት በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። እኛ ፌስቡክ ከፍተን ከተቀመጥን በኋላ ማለት ነው!

እንግዲህ በ1885 ክረምት መግቢያ ላይ ምንጃር ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ተርፏቸዋል። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። ስለዚህ መቀናጆ ገቡ፤ በሬያቸውን አጣምደው በፈረቃ የየራሳቸውን ማሳ ሊያርሱ። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ጣለ፣ መሬቱ ለሰለሰ። የማን ማሳ ይቅደም? ለስንት ዓመት ሳይዘራ የሰነበተ ሰው አንድ ቀን ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ዝናቡ ካለፈ አለፈ ነው።

በዚህ ተጣሉ። ርስት አልነበረም። ድንበርም አልነበረም። ተራ ነበር።

ጦር የሚባል ነገርም የለም። ዱላ ነው። ምስክሩ እንዳለው የተመታው ጭንቅላቱን ነው፤ ሳይውል ሳያድር ሞተ። ሽማግሌው ያን ሁሉ ዓመት ቆይቶ የሁለቱን ሰዎች ንግግር በደንብ አላስታወሰም። የገዳዩን በሬ መልክ ግን አልረሳም። ወይኖ ነበር።

ገዳዩ ቆላ ወረደ። የሟች ወንድሞች ጦራቸውን አነሱ። በዚያ ዘመን ገዳይ ተይዞ ከተፈረደበት ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር፤ ቢሹ ይገድሉታል፣ ቢሹ ካሳ ይቀበላሉ። ካልተያዘ ደግሞ ደመኛ ደመኛውን ሲያሳድድ ይኖራል፤ ወንድሙም የአጎቱም ልጅ አይተርፍም። ሽማግሌዎች መሀል ገቡ፣ ቄስ መስቀል ይዘው ቆሙ። እርቁ የወረደው በሁለት ነገር ነው፤ በዚያ ቁራጭ መሬትና በወይኖው በሬ። የተቀበሉት ደግሞ ወንድሞቹ አይደሉም። ሚስቱ ናት። ሁለት ልጆች የያዘች፣ ገና ወጣት ሴት።

ደሙን ማንም አልመለሰም። አጎቴ 40 ዓመት ሙሉ የፎከረበት ነገር አልሆነም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። የባሏ በሬ ቤቷ አለ። ወይኖው ሲጨመር ሙሉ ጥማድ ሆነ። በ1885 ጥማድ ያለው ሰው ሀብታም ነው። በአገሩ ልማድ ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ ጉልበት ኖሮት በሬ የሌለው ወንድ ግን ሞልቷል። እኩል አራሽ አስገባች። ያ ወይኖ በሬ ባሏ በተራው ምክንያት የሞተበት በሬ ነው። እሷ ግን ጭድ ሰጠችው፣ ውኃ አጠጣችው። በማግስቱ ቀንበር ተጭኖበት፣ ከባሏ በሬ ጎን ተጠምዶ፣ የባሏን ማሳ ሲያርስ ቆማ አየች። ጤፉ ተዘራ። ልጆቿ በሉ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ያ ባለ ሐምራዊ አሻራው ነው።

ልጁ ሲጎረምስ ጤፍ በአህያ ጭኖ አዲስ አበባ መመላለስ ጀመረ። ገበያው ያኔ አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ነው፤ ወደ ምዕራብ ገፍተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ያዛወሩት ጣሊያኖች ናቸው። ከተማዋ በ1879 የተቆረቆረች፣ እሱም ያኔ ሕፃን፤ እኩያሞች ናቸው። አንድ ቀን አህዮቹን መልሶ ሰደደና እሱ ቀረ። እኛም የአራዳ ልጆች ሆንን። አራዳ ነን እያልን የምንጀነነው በወይኖ በሬ ነው ማለት ነው።

ወረቀቱን ይዤ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና፣ «ወረቀት ምን የማይሸከመው አለ ብለህ ነው ልጄ!» አለኝ። ተከፋ መሰለኝ፤ አልገፋሁትም። አክስቴ ዘንድ ሄጄ ስነግራት ግን ድስቷን ከማማሰል አላቆመችም።

«ወይኖው በሬ አይደል?» አለች።

«እትዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም! አያቴ ቡና ስታፈላ ሁሌ ነው የምታወራው።»

«ታዲያ ምነው ነግረሽን አታውቂም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አያቷ ማለት የባለ አሻራው ሚስት ናት፤ ያቺ ባለ ጥማዷ ሴት ምራት። ታሪኩ ጓዳውን ይዞ ከአማት ወደ ምራት፣ ከምራት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። እኛ ሳሎን ቁጭ ብለን ፉከራ እንሰማለን።

ቤተሰባችሁን ወደ ኋላ መፈለግ ለምትሹ አንዳንድ ነገር ልበል። የድሮ ሰው አባቶቹን ይቆጥር የነበረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ጋብቻ ነው፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሠርግ የለም። ሁለተኛው ርስት ነው። ርስት በአባትም በእናትም ስለሚወረስ፣ ከአቅኚው አባት እስከ ራሱ ድረስ መቁጠር የማይችል ሰው ችሎት ላይ አፉን ይዞ ይቀራል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ይህ ሁለተኛው ምክንያት በአንድ ቀን ቀረ። አዋጁ የጭሰኛውን ቀንበር ያወረደ ነው፤ ስለሱ ክርክር የለኝም። ግን ከዚያ ወዲህ አያቶቻችን የሚቆጥሩበት ጉዳይ አጡ። (ዘር ቆጠራ ስል ሌላ ነገር ትዝ ያላችሁ ካላችሁ፣ እሱን አይደለም። የእኔ ቆጠራ በሬ ድረስ ነው።)

የድሮ ግድያ መዝገብ ፍለጋ አትልፉ። ሚኒስቴር የሚባል ነገር የተቋቋመው በ1900 ነው፤ ሞትን በአገር ደረጃ መመዝገብ የተጀመረውማ በ2008 ነው፣ ትናንት። ይልቅ የርስት ክስ ወረቀት ፈልጉ። የአጥቢያችሁን ቤተ ክርስቲያን ጠይቁ፤ በየወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ይጻፍ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከየደብሩና ከየገዳሙ በማይክሮፊልም የተነሱ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት አሉ፤ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ማለቴ ነው፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቄስ ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ የክርስትና ስም ይዛችሁ ሂዱ። ፍትሐቱም ተዝካሩም በእሱ ነው የሚደረገው። ቤት ውስጥ የሚጠራበትን ስም ብትናገሩ ማንም አያውቀውም። እኔ የምንጅላቴን የክርስትና ስም ያገኘሁት ከአክስቴ ነው፤ ከማን ሌላ!

የሴትየዋም ስም ክሱ ላይ አለ። እዚህ አልጽፈውም፤ መጀመሪያ ቤተ ዘመዱ ይስማው። ዛሬ ከሰዓት አክስቴ ኮንዶሚኒየም እንሰበሰባለን። አጎቴም ይመጣል፤ ይፎክር፣ ጠጁ ተገዝቷል። ከእሱ ቀጥሎ ግን ወንበሩ የአክስቴ ነው፤ ድስቱን እኔ አማስላለሁ ብያለሁ። ወጡ ቢያር ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

የመጨረሻ አንድ ነገር። ቅድመ አያቴ ክሱን ረትቷል። ምንጃር ዘመድ ያላችሁ፣ በቤታችሁ «ለደም ካሳ የሄደ ወይኖ በሬ ነበረን» የሚል ወሬ ካለ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። የእናንተን ወገን ታሪክ በእናንተ አፍ መስማት እፈልጋለሁ፤ የወረቀቱንም ኮፒ እሰጣችኋለሁ። አትፍሩ፣ መሬቱን አልጠይቃችሁም፤ እናንተም አትጠይቁኝም። ከ1967 ወዲህ የማናችንም አይደለም።

መልካም አዲስ ዓመት!