ልጄ፣ ባልዲዬ ሄደብኝ

ስለ ስፒከር ሦስት ሳምንት ሙሉ አንብቤያለሁ። ይቺን ያዙልኝ፤ ኋላ «ይሄ ሰውዬ ምንም ሳያውቅ ነው የገባበት» እንዳትሉኝ። ባላውቅ ኖሮማ ከሚያውቅ ሰው ጋር ባልተከራከርኩ ነበር።

ባንዳችን ኤሌክትሮኒክ ነው። ሁለት ሲንተሳይዘር፣ አንድ ድራም ማሽን፣ አንድ ላፕቶፕና አንዲት ድምፃዊት። ሌላው ባንድ ስፒከር ቢከዳው እንኳ ድራመሩ ከበሮውን ሲነርተው አዳራሹ ይሰማል፤ ጊታሪስቱም ከጀርባው የራሱን አምፕ ደቅኗል። የኛ ስፒከር ዝም ካለ ግን መድረክ ላይ የሚታየው ጠረጴዛ ላይ አቀርቅረው ደመወዝ የሚያሰሉ ሦስት ሰዎች ብቻ ነው፤ ድምፃዊቷ ደግሞ እንደ አለቃቸው ቆማ ትጠብቃለች። ከኪኩ (የድራም ማሽኑ ወፍራም ምት) እስከ ቤዙ (የታችኛው ወፍራም ድምፅ)፣ በዚያ ሣጥን በኩል ያልወጣ ነገር የለም ማለት ነው። እናም ስፒከር የሚመርጥ ሰው ሲፈለግ «እኔ አለሁ» አልኩ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ «ሁለት ባለ 15 ኢንች ስፒከር ብቻ ተከራይተን እንገላገል» የሚል ሐሳብ ነበር። ቀላል ነው፣ ለሁለት ተሸክመነው እንገባለን። ግን የኛ ቤዝ የሚኖረው 40 እና 50 ሄርዝ አካባቢ ነው (ሄርዝ በሰከንድ የንዝረት ቁጥር ነው፤ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል)። ስታንድ ላይ የተሰቀለ አንድ ሣጥን እዚያ ድረስ ወርዶ፣ ላይኛውንም እየዘፈነ፣ አዳራሽ ይሙላ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ሁለት ባለ 12 ኢንች ከላይ፣ ሁለት ባለ 18 ኢንች ሰብ (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሣጥን) ከታች፣ ድንበራቸው 100 ሄርዝ ላይ እንዲሆን ወሰንኩ። ከ100 በታች ያለውን ሰቡ ሲረከበው የላይኛው ከሸክም ያርፋል፤ የድምፃዊቷም ድምፅ ኪኩ በመታ ቁጥር አይንቀጠቀጥም። ይህ ምርጫ ልክ ነበር። ዛሬም ልክ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልክ የነበርኩበት ብቸኛ ቦታ ስለሆነ እባካችሁ ቶሎ አትለፉት።

ኪቦርዲስታችን ይህን ሁሉ ስተነትንለት ቆይቶ «ስንት ዋት ነው?» አለኝ።

ይሄ ጥያቄ ዕድሜዬን አሳጥሮታል። ሣጥኑ ላይ በትልቁ 2000 ዋት ተብሎ ይጻፋል። ያ ቁጥር ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጫፍ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚችለውን ስትፈልጉ መመሪያው ውስጥ በጉንዳን ፊደል፣ ብዙ ጊዜ ሩቡን ታገኛላችሁ። ደግሞ ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት የምታተርፉት 3 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው። ጆሮ «አሁን እጥፍ ጮኸ» እንዲል ወደ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ያው ዋት በሁለት የተለያዩ ሣጥኖች ውስጥ ያው ድምፅ አይሆንም፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ስንት ዲሲቤል ያወጣል ተብሎ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኩት። «ገባኝ» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ግን ስንት ዋት ነው?» አለ። ይሄ ሰው ሌሊት በሰላም ይተኛል። እኔ ነኝ የማልተኛው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የዝግጅቱ ቀን ዕቃውን ያመጣው ልጅ ሁለቱን ሰብ አውርዶ «መሃል ላይ አንድ ላይ ላድርጋቸው?» አለኝ። እኔ ግን አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ እንደ በር ጠባቂ አንበሳ መድረኩን ሲጠብቁ በሐሳቤ ስዬ ጨርሻለሁ። ፎቶ ላይም ያምራል።

«የለም፣ ግራና ቀኝ። ስቴሪዮ ነው።»

«እሺ» አለኝ።

እሺ ብዙ ዓይነት ነው። የተስማማ እሺ አለ፣ የደከመው እሺ አለ፣ «ሂድና እየው» የሚል እሺ አለ። ያኔ አልለየሁትም።

ሚክሰሩን (ሁሉንም ድምፅ የምቆጣጠርበትን ሰሌዳ) መሃል ላይ ማድረግ ነበረብኝ፤ ሶኬቱ ግን ያለው ግራው ግድግዳ ጋ ስለሆነ ጠረጴዛዬን ወደዚያው አስጠጋሁት። ሳውንድ ቼክ ተጀመረ። ኪኩ ጧ ጧ ይላል፣ ሆድ የለውም። ቤዙ ጭራሽ የለም። ፌደሩን (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻውን) ከፍ አደረግኩ፤ የለም። ጨመርኩ፤ የለም። ሰቡ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ እኔ እንደ ጌጥ አየሁት። ድምፃዊቷ «ጉሮሮዬን ይኮረኩረኛል» ስትል «ጭንቀት ነው፣ ውሃ ጠጪበት» አልኳት። ኪቦርዲስቱ ከጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ የሚወድቅ ስልኩን ሁለት ጊዜ አየር ላይ ቀለበ። ይህን ሁሉ አየሁ። ምንም አልነገረኝም።

ከዚያ ማይኩን አነሳሁ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በዚያው ባከራየኝ ስፒከር፣ «ወንድሜ፣ 18 ኢንች ብለኸኝ 12 ነው ያመጣህልኝ!» አልኩት።

ልጁ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ የሰቡን ወንፊት ፈታ፣ ከኪሱ ሜትር አወጣ፣ ዘረጋ። «46 ሳንቲ ሜትር» አለ። ወደ ኢንች ለመመለስ ካልኩሌተር አላስፈለገኝም፤ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ወንፊቱን መልሶ ማሰር ጀመረ። ስምንት ብሎን ነበረው። ሙዚቃው ቆሟል። ስምንቱንም ቆጠርኳቸው።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ «እንግዲያው ተበላሽቷል» ብዬ ሙዚቃውን አስጀመርኩና ሰቡን እስከ ጫፍ ለቀቅኩት።

እማማ የመጡት ይሄኔ ነው። የአዳራሹ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። መወልወያቸውን እንደ ከዘራ ይዘው፣ ቀጥ ብለው ወደኔ መጥተው ጆሮዬ ላይ ጮኹ።

«ልጄ፣ ባልዲዬ ሄደብኝ!»

«ማን ወሰደብዎት?»

«ማንም አልወሰደውም። ሄደ!»

ዞሬ አየሁ። አዳራሹ መሃል፣ ጣውላው ወለል ላይ፣ እስከ ግማሹ ውሃ ያለበት ሰማያዊ ባልዲ ኪኩ በመታ ቁጥር አንድ ጣት፣ ደግሞ አንድ ጣት እያለ ወደ መድረኩ ይጓዛል። አይቸኩልም። ቀጠሮ ያለው፣ ግን ሰዓት የተረፈው ሰው አካሄድ ነው። ውሃው ላይ ክብ በክብ መስመር ተሥሏል፤ ማንጠልጠያው የባልዲውን ከንፈር እየመታ ያጨበጭባል። የሚገርመው ደግሞ ምት አይስትም። በኛ ባንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተለማምዶ ብሬኩ (ኪኩ ለአፍታ የሚያርፍበት ቦታ) ላይ ቀድሞ የሚገባ ሰው አለ (ስም አልጠራም፣ ዋት የሚጠይቀው ነው)። ባልዲው ግን በመጀመሪያ ቀኑ፣ ያለ ልምምድ፣ ብሬኩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ኪኩ ሲመለስ ተነሥቶ መንገዱን ቀጠለ። ማጋነን አይሁንብኝና፣ እስካሁን በሙዚቃችን ተስቦ ወደ መድረክ የተጠጋልን የመጀመሪያው አድማጭ እሱ ነው።

እማማ እኔ ባልዲውን ሳደንቅ አልጠበቁም። እጅጌዬን ይዘው ወደ መሃል ጎተቱኝ።

በመጀመሪያው እርምጃ ምንም የለም። በሁለተኛው ሱሪዬ ተርገበገበ። በሦስተኛው ቤዙ ደረቴን እንደ ባለዕዳ በር ደበደበው። አርባ ደቂቃ ሙሉ አዳራሹ በቤዝ ሲናወጥ፣ እኔ ቤዝ የሌለባትን አንዲት ቦታ መርጬ፣ ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ ወንበር ስቤ ተቀምጫለሁ።

ነገሩ ይሄው ነው፦ የ50 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። እኔ ለግራው ሰብ ቅርብ፣ ለቀኙ ሩቅ ነኝ። የርቀታቸው ልዩነት ሦስት ሜትር ተኩል ግድም ሲሆን አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፤ ተጣፍተው ያርፋሉ። መሃል ላይ ግን ሁለቱም እኩል ደርሰው ይደመራሉ። ባልዲው መሃል ላይ ነበር። ባልዲ ሶኬት አያስፈልገውም። ይህንን ደግሞ አንብቤዋለሁ! ስልኬ ላይ ቢጫ አስምሬበት አለ።

ቀና ስል ልጁን አየሁት። «ነግሬህ ነበር» አላለም። አልሳቀም። ኬብል ይጠቀልላል፤ ያውም በደንብ የተጠቀለለ ኬብል ፈትቶ እንደገና። ሌሊት የሚመላለስብኝ ይሄ ነው። አንድ ቃል ቢተነፍስ እመልስለት ነበር። እስካሁን አራት መልስ አዘጋጅቻለሁ፤ አንዱ በጣም ጥሩ ነው።

ሁለቱን ሰብ መድረኩ ሥር መሃል ላይ አጣበቅናቸው። እንደዚያ ሲሆኑ ከአንዱ ብቻ እስከ 6 ዲሲቤል ይበልጣሉ፤ ፌደሩን መጀመሪያ ወደነበረበት መለስኩት፣ ቀዩ መብራት ጠፋ፣ የድምፃዊቷ ጉሮሮ ያለ ውሃ ዳነ። እማማ ባልዲያቸውን ግራ ግድግዳው ጋ፣ ቀኝ ግድግዳው ጋ፣ በመጨረሻም ጠረጴዛዬ ሥር እያስቀመጡ ጎንበስ ብለው ውሃውን አዩ። «አሁን ሁሉም ጋ አለ» አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ። እኔ ለዚህ ሥራ ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጭኜ ነበር።

ዝግጅቱ ጥሩ ሆነ፤ እሱን ልዝለለው።

በወሩ ሌላ ሥራ አገኘንና ለልጁ ደወልኩለት። ሁለት ባለ 12፣ ሁለት ባለ 18 አልኩት፤ መዘገበ።

«ባልዲስ?» አለኝ።

«አያስፈልግም» አልኩት ኮስተር ብዬ።

«እሺ» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ መልሼ ደወልኩለት።