ማገዶ መስሎኝ

ጅማ ቆጪ አካባቢ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ የምርት ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ለአንድ ካፌ 24 የዋንዛ ወንበር አስረከብን። ታኅሣሥ ላይ 18ቱ ባጃጅ ላይ በየተራ ተጭነው ተመለሱ። እግራቸው ይወዛወዛል። የካፌዋ ባለቤት «ሰው ቡና ይዞ ሲቀመጥ የምሳቀቀው እኔ ነኝ» አለችኝ። ምን ልበላት?

አለቃችን በመጀመሪያ የፈለገው ጥፋተኛ ነበር። ኮላ የሚቀባውን ልጅ ጠርቶ ከደመወዝህ ይቆረጣል አለው። ልጁ «ኧረ አለቃ፣ እንደ ሁልጊዜው ነው የቀባሁት» ቢል ማን ሰምቶት። እኔ ደግሞ ግንቦት ላይ የካይዘን፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ ሥልጠና ወስጄ ነበር፤ የተማርኩትን ለማሳየትም ሳይሆን አይቀርም፣ ከመቅጣታችን በፊት አምስት ጊዜ «ለምን» እንበል አልኩ። ከቶዮታ የመጣ ዘዴ ነው። በመጀመሪያው መልስ አትቆምም፤ መልሱንም መልሰህ ለምን ትለዋለህ። አምስት መሆኑ ሕግ አይደለም፣ ሥሩ እስኪገኝ ነው።

እግሩ ለምን ተወዛወዘ? ወደ ቀዳዳው የሚገባው ጫፍ ስለሳሳ። ለምን ሳሳ? እንጨቱ ከተገጠመ በኋላ ስለደረቀ። እንጨት እርጥበቱ ከ30 በመቶ አካባቢ ወደ ታች ሲወርድ መኮማተር ይጀምራል፤ ለቤት ዕቃ የሚሆነው ደግሞ 12 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መድረስ አለበት። የኛ ወንበር ክረምት ተሠርቶ በጋ ላይ ካፌ ውስጥ ደረቀ። ኮላው ምን ያድርግ፣ የያዘው እንጨት ሸሸበት እኮ። ታዲያ ለምን በእርጥብ ጣውላ ሠራን? ወራት መጋዘን ስለቆየ ደርቋል ብለን። ያን ያህል ቆይቶ ለምን አልደረቀም?

እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም አልን። ቢሮ ተቀምጦ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ ተነስተን ጣውላው ጋ ሄድን። ዋና አናጺያችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ክምሩን ዞር ዞር ብለው አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ መለያዎቹን የት አደረስካቸው?»

«የምን መለያ?»

«በጣውላው መሀል መሀል የነበሩትን ቀጫጭን እንጨቶች።»

ሆዴ ቡጭ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሥልጠናው እንደተመለስኩ አምስቱን ማ የሚባለውን የሥራ ቦታ ማደራጃ ጀመርኩ፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፣ መሬቱን በቢጫ ቀለም አሰመርኩ፣ የማይፈለግ ዕቃ ላይ ቀይ ካርድ። የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ከቆጠራቸው ሰባት ብክነቶች አንዱ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ክምችት ነው፤ ይህን ይዤ መጋዘን ስገባ ጥግ ላይ ያለው ጣውላ ሁሉ ብክነት ሆኖ ታየኝ። በዚያ ላይ ክምሩ ክፍት ክፍት ነበር፣ የተዝረከረከ ነገር ይመስላል። በየመሀሉ የገቡትን እንጨቶች ማገዶ መስለውኝ አስወጣኋቸው። ቡና የምታፈላልን እናት አንድ ሳምንት አነደደቻቸው። ጣውላውን አንዱን ባንዱ ላይ ልጥፍ አድርጌ አስደረደርኩ፤ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ፎቶ አንስቼ ለአለቃዬ በቴሌግራም ላክሁለት። «ጎበዝ» አለኝ።

እነዚያ እንጨቶች አየር ማሳለፊያ ነበሩ። ያለ እነሱ የጅማ ክረምት ጣውላ ያሻግታል እንጂ አያደርቅም።

ይባስ ብሎ ይህን ሁሉ ያደረግሁት ጋሼ አጋሮ ሄደው በርና መስኮት ሲገጥሙ በከረሙበት ጊዜ ነው። እስኪመለሱ ያልጠበቅኩት ይከራከሩኛል ብዬ ነው፤ ዛሬ ልዋሽ አልችልም። ሥልጠናው ላይ ሥራውን የሚሠራውን ሰው ጠይቁ ተብለን ነበር። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ!

አለቃዬ ጋ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አልሳቀም። የልጁ ደመወዝ ሳይቆረጥ ቀረ። ካፌ የቀሩትን 6 ወንበሮችም ሳይጠሩን ሄደን አመጣን፤ የሁሉም እግር በደረቅ እንጨት ተቀየረ።

አሁን ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ ነው የሚደረደረው። መለያዎቹ አንዱ በአንዱ ትክክል ይውላሉ፣ ካልሆነ ጣውላው ይጎብጣል። የገባበት ቀን በጠመኔ ይጻፍበታል። የእርጥበት መለኪያ እስክንገዛ ድረስ ጋሼ ባሳዩን ዘዴ ሠራን፤ ከክምሩ አንድ ቁራጭ በየሳምንቱ እንመዝናለን፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

መለያዎቹን ጫፍ ጫፋቸውን ሰማያዊ ቀባናቸው፣ ማገዶ እንዳይመስሉ። ጋሼ ግን መጥረጊያ ይዤ ካዩኝ አሁንም ሥራቸውን ያቆማሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትጥልብኝ ነው?»