ሳይንቀሳቀሱ ጡንቻ ማጠንከር

ከጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ጉልበትን የሚፈትነው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ጉልበትን የሚደግፈው የፊት ጭን ጡንቻ እንዲጠነክር፣ ለደሴ ሰልጣኝ መጀመሪያ የማሠራው ያለ ወንበር ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥን ነው።

ጀርባ ከግድግዳው ይለጠፋል፤ ተረከዝ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ ቁርጭምጭሚት ከጉልበት በታች ቀጥ ብሎ ይውላል። ጀማሪ ጭኑን ከወለሉ ጋር ትይዩ ለማድረግ አይቸኩል፤ ከጉልበቱ በስተኋላ በጭንና በባት መካከል ያለው ማዕዘን 120 ዲግሪ ያህል ቢሆን ይበቃዋል። 20 ሰከንድ ይዞ 1 ደቂቃ ማረፍ፣ 4 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን። በየሳምንቱ 5 ሰከንድ ይጨመራል። ሊሾ ላይ በካልሲ አይሠራም፣ ያንሸራትታል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ካርቶን ጣል ይደረግ፤ አለዚያ ልስኑ ጀርባ ላይ ይቀራል።

የጭን መንቀጥቀጥ አያስፈራም። ጉልበት ፊት ለፊት ከወጋ ግን ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ መቀመጥ ነው።

ትልቁ ጥፋት ትንፋሽ መያዝ ነው፤ የደም ግፊትን በቅጽበት ያንራል። ጮክ ብሎ መቁጠር ይፈታዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲሲን የወጣ የ270 ሙከራዎች ትንተና፣ የእረፍት ጊዜ ግፊትን በመቀነስ ሳይንቀሳቀሱ የሚሠራውን ይህን የልምምድ ዓይነት ከሁሉም አስቀድሞታል። ግፊት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ሌላው ችግር ጥንካሬው በአብዛኛው መገጣጠሚያው በተያዘበት ማዕዘን አካባቢ መቅረቱ ነው፤ ስለዚህ ማዕዘኑን መቀያየር ነው። ለምሳሌ ለጀርባና ለክንድ፣ የተጠቀለለ ጋቢ እግር ሥር አድርጎ መሳብ ይቻላል፤ አንዴ ክርን 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ አንዴ ዘርጋ ብሎ፣ እያንዳንዱ 10 ሰከንድ። ነጠላ አይሆንም፤ ይቀደዳል።