ከኪስ ነው ወይስ ከማተሚያ?

ድሬዳዋ ቀፊራ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ማታ ሒሳብ ስዘጋ ሳንቲሞቹን አሥር አሥር እያደረግሁ እደረድራለሁ። አንድ ምሽት ከድርድሩ መካከል አንዲት ሃምሳ ሳንቲም ዓይኔን ያዘችው፤ ከአንበሳው ጎፈር ተነሥቶ ጠርዟ ድረስ የሚወርድ መስመር ነበረባት። ሲታተም የተሳሳተ ሳንቲም ፈላጊ እንዳለው ሰምቼ ስለነበር ለብቻዋ አስቀመጥኋት።

በሳምንቱ ሐረር ወጥቼ ጀጎል ውስጥ ለሚሠሩ አንድ አንጥረኛ አሳየኋቸው።

«ጥፍርህን አሳልፍበት፣ ልጄ» አሉኝ። ጥፍሬ ገብቶ ያዘ።

«ጭረት ነው፤ ከኪስ የመጣ። ከማተሚያው ቢሆን ወደ ላይ ያብጥ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ማተሚያው ብረት ሲሰነጠቅ የሳንቲሙ ማዕድን ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ሳንቲሙ ላይ እንደ ጅማት ከፍ ብሎ ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ ስሕተት ከመፈለጌ በፊት አበላልን ማጥናት ጀመርሁ። እጅና ኪስ ቀድሞ የሚበላው ከፍ ያለውን ነው፤ የአንበሳውን ግንባርና ጉንጭ። አንበሳው ጥርት ብሎ ሳለ ፲፱፻፷፱ ከሚለው ዓመተ ምሕረት ላይ አንድ አኃዝ ብቻ ከጠፋ ግን ማተሚያው ውስጥ ዘይት ወይም ቆሻሻ ሞልቶ ነበር ማለት ነው። የአንበሳው ጺም ከሳንቲም ሳንቲም መለያየቱም ብዙ አድክሞኛል። እርሱ ስሕተት አይደለም፤ የ1969ኞቹ በተለያዩ አገሮች ማተሚያ ቤቶች ስለታተሙ ነው።

እኛ የድሬ ልጆች ደግሞ ሳንቲም ሐዲድ ላይ አስቀምጠን ባቡር ስናስረግጥ ነው ያደግነው። እንዲህ የተደፈጠጠች ሳንቲም ሁለቱም ገጿ ደብዝዞ፣ ሰፍታና ሳስታ ትገኛለች። ከመሐል ሸሽታ የታተመች ግን አንድ ጎኗ ባዶ ይሁን እንጂ የቀረው ምስሏ ጥርት ያለ ነው። ሁለቱም ክብደታቸውን ስላላጡ ሚዛን እዚህ አይረዳም፤ ውፍረቷን ከእኩያዋ ጋር አጋጥሞ ማየት ነው የሚሻለው።

እውነተኛዋን ያገኘሁት አንዲት እናት በጣሳ ያጠራቀሙትን ሳንቲም በስኳር ሲለውጡኝ ነው። አሥር ሳንቲም፤ ከኒያላው ቀንድ እስከ ጠርዙ ቀጭን መስመር ተጋድሞባታል። ጥፍሬን ባሳልፍ አልገባም፤ ተደናቀፈ! በደስታ ብዛት አጥርቼ ልያት ብዬ በሎሚ አሸኋት። የዓመታት ወዟ ተገፎ ቅላት ያለው ባዶ ፊት ቀረ። ለእኚያው አንጥረኛ ሳሳያቸው ዝም ብለው ለረጅም ጊዜ አገላበጧት፤ ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያመኛል። አሁን ያገኘሁትን ሁሉ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ሳላሽ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርጌ አደርቃለሁ እንጂ ሌላ ነገር አላስነካም።

አሥር ሳንቲሟን የተገኘችበትን ቀን ጽፌ በወረቀት ጠቅልያታለሁ። ቀለሟ ባይመለስም መስመሯ ዛሬም ጥፍር ያደናቅፋል።